ገለል የሚባልበት ቦታ

ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው፣ በቤተ ክርስቲያን የማታ ትምህርት። ያኔ የተጻፈ ነገር ሁሉ ቁም ነገር ይመስለኝ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ልጄ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና «ባባ፣ አንብበው» አለችኝ። ጠባብ ቤትን ሰፊ ማስመሰያ ዘዴዎች ይላል። እስከ መጨረሻው አነበብኩት። አንድም ቦታ ላይ «ሰፊ ቤት ተከራይ» የሚል የለም። ዓይኔን ያፈዘዝኩት ለዚህ ነው።

ቤታችን በሰው አገር ነው፣ ካሳራኒ በሚባል ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ፣ አንድ ክፍል። ምግብ የሚበስለው ጥግ ላይ ነው። ከውስጥ ያለው በር አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የሽንት ቤቱ። መሀል ላይ ወፍራም መጋረጃ ነበረን፤ ከወዲያ ልጄ፣ ከወዲህ እኔና እናቷ። ድምፅ አይከለክልም። ግን ስታለቅስ ያልሰማሁ መስዬ የማድረው በእሱ ነበር።

ጣጣው የመጣው ሽማግሌ ሊላክብን ነው በተባለ ሳምንት ነው። ሊያገባት ያሰበውን ልጅ አውቀዋለሁ፣ ምንም አይወጣለትም። ቤተሰቦቹ ሳውዝ ሲ፣ ደህና ሰፈር ይኖራሉ፣ ኢስትሊ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይነግዳሉ። ልጄ ለልጁ እናት «እኛ ቱ ቤድሩም ነው ያለን» ብላ አርፋለች። ሚስቴ ይህን የነገረችኝ ድስት እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው።

«ታዲያ ሁለተኛውን ከየት ላምጣላት?»

«ማን አምጣ አለህ? ቤት የሚያሳምር ልጅ ከቸርች ጠርተናል። ዲኮር ተምሯል።»

ዲኮር የተማረው መጣ። ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ የቀረ ጎረምሳ ነው። በር ላይ ቆሞ ቤቱን እንደ በሽተኛ አየው።

«ጋሼ፣ ይሄ ቤት መተንፈስ አለበት።»

«እኔስ?» አልኩት። ሳቀ። ቀልድ መሰለው።

ቡፌው ይውጣ አለ፣ ወጣ። ሶፋው ዓይን ይይዛል አለ፣ ጎረቤት ሄዶ ተከመረ። አልጋችንን ግድግዳ አስጠግቶ፣ በትራስ አስጊጦ «በቃ፣ ይሄ ሶፋ ነው» አለን፤ ከሚስቴ ጋር ያረጀሁበትን አልጋ። ብርሃኑን እጥፍ ያደርጋል ብሎ ከመስኮቱ ትይዩ ትልቅ መስተዋት ሰቀለ። መስኮታችን የሚያየው የጎረቤት ፎቅ ልብስ ማስጫ ነው። እጥፍ የሆነው የማላውቀው ሰው የውስጥ ሱሪ ነው።

በመጨረሻ መጋረጃውን አወረደው። ይሄኔ ነው ደሜ የፈላው። አንዱን ክፍል ሁለት ያደረገልን መጋረጃው ብቻ ነበር፤ ጎረምሳው ሊያሰፋ መጥቶ ወደ አንድ መለሰን። ይህን ስነግረው «ጋሼ፣ ስፋት ስሜት ነው» አለኝ። እንዲህ ያለውን ሰው ማስተማር አይቻልም፤ ተምሮ ጨርሷል።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሦስት ናቸው፣ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ትልቁ፣ ደረጃው ትንፋሽ አሳጥሯቸው፣ ከዘራቸው ላይ ተንጠልጥለዋል። ተቀመጡ አልናቸው።

«የመጣንበትን ሳናገኝ አንቀመጥም» አሉ፣ እንደ ወጉ። ከዚያ ልጃችሁን ለልጃችን የሚለውን ነገር አሳምረው፣ አርዝመው ተናገሩ። እኔ ያሰብኩት ሌላ ቀጠሮ ሰጥቼ ማመላለስ ነበር። ልጄ ጥጓ ላይ ብርጭቆ ታሰናዳለች፤ የሚታየኝ ጀርባዋ ብቻ ነው። ጀርባዋ ግን ይለምናል።

«እንግዲህ» አሉ ትልቁ፣ «ይሄ ደረጃ ደጋግመው የሚወጡት አይደለም። ከባለቤትዎ ጋር ገለል ብላችሁ ተመካከሩና ዛሬውኑ መልሱልን። እኛ እንጠብቃለን።»

ገለል። ወዴት?

ሚስቴ እጅጌዬን ይዛ ጎተተችኝ። በሩን ከፈተች፣ አስገባችኝ፣ ዘጋችው። በባልዲውና በመቀመጫው መሀል ፊት ለፊት ቆምን።

«መኝታ ቤታችን ይሄ ነው?» አልኳት።

«ድምፅህን ቀንስ። እሺ በላቸው። ስትወጣ ደግሞ በሩን ቶሎ ዝጋ።»

«ልጁን እሺ ብያለሁ። እምቢ የምለው ውሸቱን ነው።»

«ልጅ ናት፣ አፍራ ነው።»

«በማን?»

 ሻወሩ ትከሻዬ ላይ ጠብ ይላል። ማንበብ ሳልችል ማታቱ ታክሲ ውስጥ ጋዜጣ ዘርግቼ እቀመጥ ነበር። እንደዚያ የተቀመጠ ሰው አጠገቡ ያለው ሁሉ የነቃበት ይመስለዋል፤ ጉዞው ሁሉ ጭንቅ ነው። ልጄ ደግሞ ይህን ጭንቅ ይዛ ትዳር ልትገባ ነው።

ወጣሁና በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ተውኩት።

«ይሄ ሽንት ቤት ነው» አልኳቸው። «ሌላ ክፍል የለንም። ያ ደግሞ ሶፋ አይደለም፣ አልጋችን ነው። ሁለት መኝታ አላቸው የተባላችሁት ውሸት ነው። ልጄን ሰጥቻለሁ። ይህን አይታችሁም ከፈለጋችኋት ተቀመጡ። ካልፈለጋችኋት ደረጃው ሲወርዱት ይቀላል።»

ልጄ ዞረች። «ባባ» አለች፣ ቀጭን ድምፅ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ትልቁን አዩ። ትልቁ እኔንም ልጄንም አያዩም፤ የሚያዩት በሩን ነው።

«ይቅርታ አድርጉልኝና» አሉ ቀስ ብለው፣ «እኔስ ከተነሳን ጀምሮ ስፈልገው ነበር። በሩ ደግሞ የመኝታ ቤት መስሎኝ እንዴት ልጠይቅ።»

ገቡ። እኛ የሚሰማውን እንዳልሰማን ሆነን ወለሉን አየን። ቆይተው እጃቸውን በመሐረብ እያደረቁ ወጡ።

«ውሃ አላችሁ» አሉ። «ዛሬ የተነሳነው ከልጁ ቤት ነው። እዚያ ከሐሙስ ጀምሮ ጠብታ የለም። እናቱ ለማንም እንዳትናገሩ ብላናለች።»

ከዚያ ትራሶቹን ወደ ጎን ገፍተው አልጋችን ላይ ተቀመጡ። ሌሎቹም ከግራና ከቀኝ ተቀመጡ። ልጄ ብርጭቆዎቹን በትሪ ይዛ መጣች። ለሦስቱም ሰጠች፣ ለእናቷ ሰጠች። እኔን አለፈችኝ።