ሌባ ቢሆን ሁለቱንም ይወስድ ነበር

በተጋባን በመጀመሪያው ክረምት የአንዱ ጫማዬ ግራ እግር ጠፋ። ጥቁር፣ አጠር ያለ ተረከዝ ያለው፣ ለመልሴ የተገዛ ጫማ ነበር። የጎረቤትን ውሻ ጠረጠርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ምስኪን ውሻ በአጥራችን ሥር ባለፈ ቁጥር ድንጋይ አነሣበት ነበር። ባሌም አብሮኝ ፈለገ። አልጋ ሥር ገባ፣ ጓሮ ዞረ፣ በመጨረሻ «ተይው፣ ሌላ እገዛልሻለሁ» አለኝ። ገዛልኝም። እኔ ከእነዋሪ የመጣሁ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ባል ጫማ ሲገዛልኝ ደስ አለኝ እንጂ ሌላ ምን ላስብ።

ያኔ ደብረ ብርሃን አንድ ክር ፋብሪካ ውስጥ ነበር የምሠራው። እሱ ግብርና ጽሕፈት ቤት ነው። የአንኮበር ሰው ነው፣ የቄስ ልጅ። ጾም የማይገድፍ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነው። እኔ ቶሎ የምቆጣ፣ ቶሎ የምስቅ ስለሆንኩ ሰዎች «ይኼ ሰው እንዴት ቻለሽ» ይሉኝ ነበር። ማን ማንን እንደቻለ እነሱ ምን ያውቃሉ።

በዚያው ዓመት በአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን የሴቶች ጫማ መጥፋት ጀመረ። ጫማ ደጅ አውልቀን መግባት ያደግንበት ነው፣ የጫማ ሌባም አብሮን ያደገ ነው። አዲሱ ነገር የሚጠፋው ሁልጊዜ አንድ እግር ብቻ መሆኑ ነበር። ቅዳሴ ሲያልቅ አንዷ ሴት የቀረላትን አንድ እግር ይዛ፣ በሌላው እግሯ ብርዱን እየረገጠች ደጁን ስትዞር እናያለን።

«ሌባ ቢሆን ሁለቱንም ይወስድ ነበር» አሉ ሴቶቹ። እውነታቸውን ነው። አንድ እግር ጫማ አሊዩ አምባ ገበያ ቢወርድ እንኳ የሚገዛው የለም። ታዲያ ምን ይሆናል? መተት ነዋ። ትዳሯን ይፈታባታል፣ ማሕፀኗን ይዘጋባታል ተባለ። ጽንስ የወረደባት አንዲት ጎረቤታችን በፋሲካ የጠፋባትን ጫማ አስታውሳ ስታለቅስ እኔም አብሬ አለቀስኩ። የራሴ ጫማ ትዝ አለኝ፤ የውሻው ንጹሕነትም ያኔ ገባኝ። እኛም ገና ልጅ አልወለድንም ነበር። ከዚያ ወዲህ ጫማዬን በፌስታል ጠቅልዬ ነጠላዬ ሥር ይዤ መግባት ጀመርኩ። ሴቱ ሁሉ እንደዚያው አደረገ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የደብሩ አለቃ ገዘቱ። የሰው ጫማ ለክፉ ሥራ የወሰደ፣ ወስዶም ያልመለሰ፣ የተገዘተ ይሁን አሉ። ሕዝቡ «አሜን» አለ። ባሌ በወንዶቹ በኩል ነበር የቆመው። ዘወር ብዬ ሳየው ከንፈሩ «አሜን» ሲል አየሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድለት አለ። ሲጠየቅ ብርድ መታኝ ይላል፤ ደብረ ብርሃን ለእንዲህ ያለ ሰበብ አታሳፍርም።

ጣራው ማፍሰስ ጀምሮ ነበርና ሰው ከመጥራት ብዬ ራሴ ጠረጴዛ ላይ ወጥቼ ኮርኒሱን ከፈትኩ። እጄ ማዳበሪያ ነካ። ጎትቼ አወረድኩት፤ ጫማ ነው። እያንዳንዱ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ጭቃው ተጠርጎ፣ ሁሉም ግራ እግር። የኔም እዚያው ውስጥ ነበር። ሌላ ሴት ብትሆን ባሏ ስለያዛቸው ሴቶች ታስብ ይሆናል። እኔ ያሰብኩት ያገባሁት ሰው መተተኛ ነው ብዬ ነው። ዘነዘናዬን አንሥቼ በር ላይ ቆምኩ።

ለምሳ ሲመጣ መጀመሪያ ያየው ዘነዘናውን ሳይሆን ማዳበሪያውን ነው። መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ማንን ልታመክንበት ነው?» አልኩት። «እኔን ነው?»

«መተት አይደለም።»

«እና ምንድን ነው?»

በጣቱ ወደ ጫማዎቹ አመለከተ። ሌላው ወንድ በሴት ላይ የሚያየውን እኔ እዚያ ላይ ነው የማየው አለኝ። ሴቶቹን አላውቃቸውም፣ ፊታቸውንም አይቼ አላውቅም አለኝ። «አልወስድም ብዬ ምዬ ነው ከቤት የምወጣው። ከዚያ ጋቢዬ ሥር ይዤው አገኘዋለሁ። ሳይኖረኝ ሲቀር ያመኛል፤ ሲኖረኝ ደግሞ ራሴን እጠላለሁ።»

ቀፈፈኝ። ይኼን አልደብቅም። ቀጥሎ አሳዘነኝ፤ ከዚያ ደግሞ፣ ማን ያምነኛል፣ ቀናሁ። በሰው እንኳ አይደለም፣ በጫማ። ሴት ልጅ ጣውንት ሲመጣባት የምትሳደበው ስድብ አላት። እኔ ምን ብዬ እሳደብ? ዘነዘናውን ወደ ቦታው መለስኩት።

አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ። «አባባ እንዳይሰሙ። እሳቸው ልጄ ካላሉኝ እኔ ሰው አይደለሁም።» ነገር ግን ግዝቱ ነበረ። በግዝት ላይ ያለ ሰው እህል በጉሮሮው አይወርድም፣ አልጋው አይሞቀውም። የወሰደው ለመተት ባይሆንም አሜን ያለው እሱ ነው። የሚፈታው ደግሞ ካህን ነው። ስለዚህ ከነማዳበሪያው ወደ አንኮበር ይዤው ሄድኩ፤ ለአማቴም ሴቶቹ የሚሉትን፣ እኔም በግማሽ ልቤ የማምነውን ነገርኳቸው። አንድ ነገር እየያዘው የሰው ጫማ ያስወስደዋል አልኩ።

አማቴ አላጠያየቁም። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ለዚህ ልጅ ሲሉ ግን የወጣት ጉልበት አወጡ። «አንተ አይደለህም፣ ልጄ። የያዘህ ነው» አሉት። ከግዝቱ ፈቱት። ጠበል በራሳቸው እጅ እየመሩ አወረዱት። ማዳበሪያውን ከእነ ጫማው ከቤቱ ጀርባ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ አቃጠሉት። ቆዳና ላስቲክ ሲቃጠል የሚሸተውን ሽታ ጉሙ ይዞት ዋለ። ለጎረቤቱም «ልጄን ምቀኛ አስነክቶብኝ ነበር» አሉ። ሰው ሁሉ እየመጣ «እግዚአብሔር ይማርህ» አለው። ማር ያመጡለት ነበሩ፣ ቅቤ ያመጡለት ነበሩ። ባሌ ወዙ ተመለሰ። እኔ ደግሞ ከዳር ቆሜ፣ እንዲህ የሚመች በሽታስ ከየት ይገኛል እያልኩ በሆዴ ቀለድኩ።

ብዙ ጊዜ ደህና ሆነ። ልጅም ወለድን። ግን እኔ ልቤ አላረፈም። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እጁን የማይበት ቦታ መርጬ እቆማለሁ። ዝናብ ሲጥልም ኮርኒሱን አንጋጥጬ አያለሁ። ምንም የለም፤ ግን አያለሁ።

ከዚያ ስልኩ መጣ። ቀድሞ የሚፈትነው የደብር ደጅ ብቻ ነበር፤ ቢበዛ በሳምንት አንድ ቀን። አሁን ፈተናው ኪሱ ውስጥ ገባ። እንደሱ ያሉ ሰዎች የሚሰባሰቡበት ቦታ በስልኩ አገኘ። የመጀመሪያ ሰሞን ፊቱ በርቶ «ብቻዬን አይደለሁም እኮ» አለኝ። እኔም ደስ አለኝ፤ ሰው ብቻውን ሲሆን ምን እንደሚመስል አይቻለሁና። ግን የዚያ ቦታ ሰዎች የሚያወሩት ስለ መተው አይደለም፣ ስለ መጨመር ነው። ነውር አይደለም ይሉታል፤ ነውሩ ሲቀልለት ረሀቡ ባሰበት። ምግብ እየበላ ስልኩን ያያል። ልጁን አቅፎ ስልኩን ያያል።

አንድ ቀን ፋብሪካ ሻይ እየጠጣን፣ አጠገቤ የምትሠራ ልጅ ስልኳን ዘርግታ «እትዬ፣ ይኼን ጉድ እዪ» አለችኝ። በዓል ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። ጋቢ የተከናነበ ሰው ጎንበስ ይልና አንድ እግር ጫማ አንሥቶ ጋቢው ሥር ይከታል። ፊቱ አይታይም። የጋቢውን ጥለት ግን ያሠራሁት እኔ ነኝ።

«ሌባ ነው?» አልኳት።

«ኧረ ሌባ አይደለም። ፌቲሽ ነው የሚባለው፤ ስሜታቸው በጫማ የሚነሣ ሰዎች አሉ» አለችኝ። «ኖርማል ነው እኮ፣ እትዬ። ውጭ አገር ይገዙታል፣ ይሸጡታል። ይኼ ደግሞ የሰው እንዴት ይሰርቃል?» ብላ ሳቀች። ከሥር የተጻፈውን አነበበችልኝ። አንዷ ግራውን ልሽጥልህ ትላለች። ሌላው ይወገር ይላል። ሌላው መብቱ ነው፣ ተዉት ይላል። አብሬያት ሳቅኩ። ምን ላድርግ? ብርጭቆዬን አስቀምጬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ቤት ስደርስ እሱም አይቶት ነበር። የተጻፈውን ሁሉ አንብቧል። መወገሩን አልፈራውም። ያሳመመው ሳቁ ነው፤ ከሳቁም ይልቅ «ኖርማል ነው» የሚለው። «ኖርማል ከሆነ ለምንድን ነው የምሰቃየው?» አለኝ። ድሮ ይኼ ነገር ስም አልነበረውም፤ ስም ስላልነበረው የሰይጣን ነበር። አሁን ስም ወጣለት፣ ስሙም በፈረንጅኛ ነው፤ የሚያውቁት ልጆች ደግሞ እንደ ቀልድ ነው የሚጠሩት።

ሐኪም ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ። የአእምሮ ሐኪሟ ሴት ናት፤ ባሌ ዓይኑ መሬት እንዳይወርድ ብሎ ምርመራው እስኪያልቅ ግድግዳውን ሲያይ ቆየ። እሷ ገብቷታል፤ እግሯን ከጠረጴዛው ሥር ሰብሰብ አደረገች። «ጫማ መውደድህ አይደለም ሕመሙ» አለችው። «ማቆም አለመቻልህና የሰው መውሰድህ ነው። ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም፤ ያንተው ነው። ያንተው ስለሆነ ደግሞ ልታዝበት ትችላለህ።» መድኃኒት ሰጠችው፣ በየጊዜው እየተመላለሰ እንዲያነጋግራትም ቀጠረችው። ስልኩንም ሸጥን። እውነት ለመናገር ከጠበሉ ይልቅ ይኼኛው ጠቀመው። ግን ከጠበሉ ሲመለስ እንደ ሕፃን ይተኛ ነበር። ከሐኪሟ ሲመለስ «ያንተው ነው» የሚለውን ቃል ይዞ ይመጣል። ራሱን እንደ እንግዳ ሰው ያየዋል። አንዳንዴ መስታወት ፊት ቆሞ አገኘዋለሁ፤ ጺሙንም አይላጭም፣ ጸጉሩንም አያበጥርም፣ ቆሞ ማየት ብቻ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ጋቢውን የሚያውቅ ሰው አልታጣምና ነገሩ አንኮበር ደረሰ። አማቴ በጎረቤት ስልክ አስደውለው «ሁለታችሁም ኑ» አሉ።

መንገዱን ሙሉ አልተነጋገርንም። ስንደርስ ቤቱ ደጅ ካለው መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር፣ መስቀላቸው ጉልበታቸው ላይ። ባሌ ሊሳለም ጎንበስ ሲል እጃቸው አልተነሣም። «ቆይ» አሉት። እሱም ፊት ለፊታቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ እኔ ከጎኑ።

«የሚሉትን ሰማሁ» አሉ። «እነዚህ የጎረቤት ልጆች ስም አለው ይላሉ። አጋንንት አይደለም፣ መተትም አይደለም፣ የሰውየው የገዛ ፍላጎቱ ነው ይላሉ። ስልክ አምጥተው አሳዩኝ። እኔ አላመንኳቸውም። አንተው ንገረኝ። የያዘህ ነገር ነው አይደል?»

በሆዴ ለመንኩት። አዎ በል አልኩ። አንዲት «አዎ» ብትወጣው መስቀሉ ይነሣ ነበር፣ ጠበሉም ይፈልቅ ነበር፣ ጎረቤቱም ማሩን ይዞ ይመጣ ነበር። እኔ ብሆን እላት ነበር፤ ሳላፍር።

«አይደለም፣ አባባ» አለ ባሌ። «የያዘኝ የለም። እኔው ነኝ። ሐኪም ጋ እየሄድኩ ነው፤ ጫማ ከወሰድኩም ቆየሁ። ግን እኔው ነኝ።»

ሽማግሌው ወደ ቆላው አዩ። ከታች ጉሙ ገደሉን ሞልቶት ነበር። «እንግዲያ ምን ላድርግልህ?» አሉ፣ ድምፃቸው ቀጭን ሆኖ። «ጠበል ልውሰድህ? ለማን? ማንን ውጣ ልበል?»

«ምንም አያድርጉልኝ። እንደ ድሮው ልጄ ይበሉኝ፣ ይበቃኛል።»

አማቴ መስቀሉን በጣቶቻቸው መካከል ሲያዞሩ ቆዩ። ከዚያ «ልጄ» አሉ።

ባሌ ቀና አለ። ፊቱን ያን ጊዜ እንዳየሁት ሌላ ጊዜ አይቼው አላውቅም።

«ልጄ፣ ግቢና ምሳ አቅርቢለት» አሉ አማቴ ወደ እኔ ዞረው። «መንገድ ላይ ነው የዋለው።»