በቀትር የሚመጡት ልጆች

ባለፈው ወር በከተማችን አዳራሽ አንድ ሰው ለገጠር ልጆች ትምህርት ደክሟል ተብሎ ካባ ሲለብስ፣ ከኋላ ተቀምጬ አጨበጨብኩ። አጠገቤ ያለችው ሴት «ታውቂዋለሽ?» አለችኝ። «በመልክ» አልኳት። ሚስቱ እንኳ እኔ የማውቀውን ያህል አታውቀውም።

ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ከድሬዳዋ ወጣ ብላ ወደምትገኘው የገጠር ቀበሌ፣ ጀልዴሳ የወሰደኝ እሱ ነው። እሱ የአንድ የትምህርት ፕሮግራም አስተባባሪ፣ እኔ የአማርኛ ንባብ አስተማሪ። ልጆቹ ከተማሩ የተበተነው ቤተሰብ ተመልሶ ይሰፍራል፣ መንደሩም ነፍስ ይዘራል ይል ነበር። ንግግሩ ያምር ነበር፣ አልክድም። ትምህርቱን ግን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አራት አደረገው። ድሬ ላይ ከስድስት ሰዓት በኋላ ሰው ሙቀቱን ሸሽቶ ቤቱ ይገባል፤ እሱም ለጫት በርጫው መድረስ ነበረበት።

ጠዋት ደግሞ ልጆቹ የሉም። ውኃ ይቀዳሉ፣ ከዚያ ፍየል ይዘው ይወጣሉ። ሦስት ሳምንት ከባዶ ወንበር ጋር ተፋጥጬ ከረምኩ። አንድ ቀን ዕቃዬን ሰብስቤ የዘገየ መኪና እስከ ቀትር ስጠብቅ፣ አሥር ዓመት የሚሆናት ልጅ ፍየሎቿን ከግራሩ ጥላ ሥር አሳርፋ በመስኮት አየችኝ።

«አሁን አታስተምሪም?» አለችኝ በሱማሌኛ። «አሁን እኮ ፍየሎቹ ይተኛሉ።»

በማግስቱ በቀትር ክፍል ከፈትኩ። በወሩ ወንበር ጠበበን። ያቺ ልጅ ከሁሉም ትቀድማለች፣ ምክንያትም ነበራት። አባቷ ክረምት ሳይገባ ማንበብ ከቻለች እዚሁ ትማራለች፣ ካልቻለች ከተማ፣ መጋላ ሰፈር አክስቷ ቤት ለሥራ ትሄዳለች ብሎ ነበር። ይህን የነገረኝ ራሱ አባቷ ነው፣ በሩ ላይ ቆሞ።

ሰዓቱ መቀየሩን ለአስተባባሪው ስነግረው ሳቀ።

«አቦ፣ ተይኝ እስቲ! ቅጹ ሁለት ሰዓት ነው የሚለው። አንቺም ሁለት ሰዓት ብለሽ ሙዪው። ማን ጀልዴሳ ድረስ መጥቶ ያያል?»

«የመጣስ እንደሆን?»

«እኔ አለሁልሽ!»

ሞላሁት። በየቀኑ፣ በገዛ እጄ፣ የልጆቹን ስም በጠዋቱ ሰዓት ሥር ጻፍኩ።

ግንቦት ላይ ለፕሮግራሙ ገንዘብ የሚሰጡት እንግዶች ከእሱ ጋር መጡ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ክፍሉ ባዶ ነው። አንዷ እንግዳ መዝገቡን ገልጣ ወንበሮቹን አየች፣ እንደገና መዝገቡን አየች። ድሬ ላይ ሰው ልጅ ከአዋቂ ሳይለይ አንተ አንቺ ይባባላል፤ እሱም አንድ ቀን አንቱ ብሎኝ አያውቅም። ያን ጠዋት ግን ዞር ብሎ፣

«እትዬ፣ ይህ የእርስዎ ጽሑፍ አይደለም?» አለኝ።

«የእኔ ነው» አልኩ።

«እኛ እኮ ሪፖርት አምነን ነው የምንሠራው» አላቸው፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ።

እስከ ቀትር ጠብቁ ብላቸው ልጆቹን በዓይናቸው ያዩ ነበር። ግን ለምን ጠዋት ብለሽ ጻፍሽ ይሉኛል። ስሜ ላይ ጭረት ሳይኖር ነው ያን ሁሉ ዘመን ያስተማርኩት። እሱ ነው ያለኝ ብዬ በዕድሜ ልጄ ከሚሆን ሰው ጋር ስካሰስም ታየኝ። የቀትሩን ነገር ሳላነሳ ቦርሳዬን አነሳሁ። እዚያው በቆሙበት ፕሮግራሙ ሌላ ቀበሌ እንዲዛወር ተስማሙ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ እንመለስ ተባለና መኪና ውስጥ ገባን። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።

ጥቂት እንደሄድን ፍየሎች መንገዱን ዘጉት። ሾፌሩ ጥሩምባውን አስጮኸ። ልጅቷ እየሮጠች ፍየሎቿን ከመንገድ አወጣች፤ ደብተሯ በብብቷ ነበር። በመስኮቱ ስታየኝ ደብተሩን አውጥታ ከፍ አደረገችው፤ መጣሁ እኮ ማለቷ ነው። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ የምፈልገው ነገር ያለ አስመስዬ አጎነበስኩ።

እሱን ይቅር አላልኩትም፣ አልለውምም።

ሐምሌ ላይ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ድሬ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ አገኘሁት። ልጅቷ መጋላ መግባቷን ነገረኝ። የአክስቷን ቤት በየት በኩል እንደሆነ ሊያሳየኝ እጁን ዘረጋ።

«ተወው፣ አትድከም» አልኩት።