የልብስ ሰፊው ሾርባ

እታለም የምንላት ሴት እኔም በምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ሃያ ሁለት ዓመት አስታማሚ ሆና ሠርታለች። እኔ የወጥ ቤት ሰው ነኝ፤ በሩ ሲከፈት የመመገቢያ አዳራሹ ወለል ብሎ ይታየኛል። ስለዚህ የምነግራችሁ ያየሁትን ነው።

ቤቱ በመንግሥት እጅ ሳለ ገነት ነበር ብዬ አልዋሽም። ጣራው ያፈሳል፣ ሳሙና ለወራት ይጠፋል፣ ኃላፊው ቢሮው ውስጥ እንቅልፉን ይለጥጥ ነበር። ግን የሚያጣድፍ አልነበረም። ልብስ ሰፊ የነበሩትን፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጠውን ሽማግሌ፣ እታለም አጠገባቸው ቁጭ ብላ ታበላቸዋለች፤ አንድ ማንኪያ፣ ትንሽ ወሬ፣ ከዚያ ሌላ ማንኪያ። አንድ ሳህን ሾርባ አርባ ደቂቃ ይፈጅባቸዋል።

"አባባ፣ ይቺን ለእኔ ብለው" ስትላቸው፣ "አንቺ ልጅ፣ ሆዴን ልታፈነጂው ነው?" ይሏታል፤ አፋቸውን ግን ይከፍታሉ።

በኋላ ቤቱ ለግል ባለሀብት ተሸጠ። ጣራው ተጠገነ፣ ግድግዳው ነጭ ተቀባ፣ የሳሙና ሽታ ከበር ጀምሮ ይቀበላችኋል። አስታማሚው ግን ከአሥራ አራት ወደ ስድስት ወረደ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ አንድን ሰው ለማብላት አሥር ደቂቃ መደበ፤ ቅጽም አመጣ። ቅጹ ላይ ያለው ሁለት ሳጥን ብቻ ነው፦ "በልተዋል" እና "አልበላም ብለዋል"።

"አሥር ደቂቃ ያልበቃውስ የት ይጻፍ?" አለችው እታለም።

"ያው አልበላም ማለት ነው፤ ነገር አታካብጂ።"

ያንን ደቂቃ የሚቆጥርበትን የእጅ ሰዓቱን ከነክንዱ ድስቴ ውስጥ ብነክርለት ደስታዬ ነበር። ወደ እኔ ሲዞር ግን "እሺ ጌታዬ" ነው ያልኩት።

እታለም መጀመሪያ ሰሞን ከራሷ ምሳ ሰዓት እየሰረቀች ታበላቸው ነበር። ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት። ሦስት ልጆች የምታሳድገው በዚህ ሥራ ነው፤ ፈራች። ከዚያ ወዲያ አራት ማንኪያ እንዳጎረሰቻቸው ሰዓቱ ይሞላል፤ ሳህኑን ታነሳለች፣ ሁለተኛው ሳጥን ላይ ምልክት ታደርጋለች፣ ትፈርማለች። ሽማግሌው አፋቸውን ከፍተው ይቀራሉ። የተመለሰውን ሾርባ የምደፋው እኔ ነበርኩ።

በሁለተኛው ወር ሞቱ። ሴት ልጃቸው ከሩቅ አገር መጣች። ሥራ አስኪያጁ ፋይሉን ዘርግቶ አሳያት፤ ገጹ ሁሉ "አልበላም ብለዋል"፣ ከሥሩ የእታለም ፊርማ። ልጅቱ ወደ እታለም ዞረች።

"እትዬ፣ እርስዎ ያውቁታል። አባዬ ምግብ የጠላው በእኔ አዝኖ ነው? መጥቼ ስላልጠየቅኩት ነው?"

እታለም ሥራ አስኪያጁን አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔ ፎጣዬን ማጣጠፍ ጀመርኩ።

"አልበላም ብለው ነው፣ ልጄ" አለች።

ልጅቱ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ "እኔ ነኝ የገደልኩት፣ እኔ ነኝ" እያለች አለቀሰች። ከመካከላችን አንዳችንም፣ አይደለሽም አላልናትም።