ሳታዪ አትዙሪ

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምናገረውን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። ታላቅ እህቴ ካረፈች ሁለት ወሯ ነው። እዚሁ ሐዋሳ፣ ታቦር ሰፈራችን ወዳለው ትምህርት ቤት እየሄደች ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሀገራችንን ጭፈራ ታስተምር ነበር። ከአፏ የማትለይ አንድ ነገር ነበረቻት፦ «ኋላሽ ያለውን ሳታዪ አትዙሪ!» ሳታይ የዞረችውን ልጅ በከዘራዋ ባቷን ነካ ታደርጋት ነበር።

የተማሪዎቹ አስተማሪ እህቴን ስትጨፍር በስልክ ቀረጻትና በታብሌት የሚታይ መጽሐፍ ውስጥ ከተታት። ከዚያ «እማማ፣ ከእንግዲህ አይድከሙ፤ ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ» አላት። ከዚያ ወዲያ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ቀረች። ለካ ከመዞሯ በፊት ወደ ኋላ የምታይበትን ቆርጦ ጥሎታል፣ ይረዝማል ብሎ!

ባለፈው ሳምንት ያው አስተማሪ ቤቴ ድረስ መጣ።

«እማማ፣ ተማሪዎቹ ሲዞሩ እየተጋጩ አስቸገሩኝ። የወላጆች በዓል ደርሷል፤ መጥተው ያሳዩን።»

«መጽሐፍህን አትጠይቀውም የኔ ጌታ?»

ቢሆንም ለልጆቹ ስል ሄድኩ። እሱንም መሀላቸው አሰለፍኩት። ወደ ኋላ ማየቱን ለልጆቹ በጆሯቸው ነገርኳቸው፤ ለሱ ግን አልነገርኩም። ጭፈራው መዞሪያው ጋ ሲደርስ እሱ ብቻ ሳያይ ቀድሞ ዞረና ከኋላው ከነበረው ጎረምሳ ጋር ግንባር ለግንባር ጓ! ልጆቹ በሳቅ ሞቱ።

«እሰይ! አየሽልኝ እትዬ?» ብዬ ዞር አልኩ። ስንጨፍር ሁልጊዜ ኋላዬ የምትቆመው እሷ ነበረች። ማንም የለም።

«አንተ፣» አልኩት አስተማሪውን፣ «አንዴ ደግመህ ዙር፤ ኋላህን አይተህ!»