ዘልዬ ያለፍኩት ምዕራፍ

የቡና ገለባ በሸተተኝ ቁጥር ያ ሽፋኑ የተላጠ መጽሐፍ ትዝ ይለኛል። እናቴ አልዱባ ገበያ ወስዳ አፍልተው ለሚጠጡት የምትሸጠውን ገለባ ጂንካ ቤታችን ጓዳ ውስጥ በጆንያ ታከማች ነበር፤ ታላቅ ወንድሜ ደረጀ ወደ ሰሜን ሲዘምት መጽሐፎቹን ከጆንያዎቹ ላይ ደርድሮልኝ ስለሄደ፣ ገጾቹ ሁሉ ገለባ ገለባ ይሸቱ ነበር።

በበልግ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ማንበብ የማትችለው እናቴ «እስቲ የደረጀን መጽሐፍ አንብቢልኝ» ትለኝ ነበር። ታሪኩ ስለ አንድ ዘማች ልጅና ስለ እናቱ ነው። ለወጣቶች የተጻፈ ስለሆነ አማርኛው ቀላል ነበር፤ እናቴ ግን አፏን የፈታችው በአሪኛ ስለሆነ አንዳንዱን ቃል ታስደግመኝ፣ ልጁ ስንቁን ረስቶ ሲሄድ «ዝርክርክ! ልክ እንደ ደረጀ!» እያለች ትቆጣው ነበር።

ክረምት ሲገባ የደረጀ ደብዳቤ ቀረ። በጋ ላይ ጦርነቱ አበቃ ሲባል፣ ከሰፈራችን አንዳንዱ ቤት ልጁ ተመለሰለት፣ አንዳንዱ ቤት ደግሞ ማለዳ ሽማግሌዎች አንኳኩተው መርዶ ነገሩት፣ ድንኳን ተተክሎ ተለቀሰ። እኛ ቤት ማንም አልመጣም። እናቴም መርዶ ሳይመጣ ማልቀስ ልጅን በቁሙ መቅበር ነው ብላ ጥቁር ሳትለብስ ቀረች።

መጽሐፉ መጨረሻ ላይ የደረስነው ያኔ ነበር። ልጁ ይሞታል። መርዶ ነጋሪዎቹ የእናቱን በር የሚያንኳኩበት ምዕራፍ ላይ ስደርስ ቅጠሎቹን አንድ ላይ ገልብጬ፣ ልጁ በዝናብ መጥቶ «እማዬ፣ ውሃ አጠጪኝ» አላት ብዬ ከራሴ ፈጥሬ አነበብኩላት። እናቴ እልል አለች። ከዚያ ወዲህ ከገበያ ስትመለስ፣ ከመሀል አገር በወይጦ በኩል የሚመጣው አውቶቡስ ሰው የሚያወርድበት ቦታ ሳትቆም ቤት አትገባም ነበር። እውነቱን ልነግራት ስንቴ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ! ፈሪ ነበርኩ።

አምና ልጄ ያንኑ መጽሐፍ ከጓዳ አግኝታ ለአያቷ አነበበችላት፤ እኔ ከሥራ ስመለስ ጨርሳዋለች። እናቴ ልትቆጣኝ ነው ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። እሷ ግን ቀና ብላ፣

«እናቲቱን መጥተው ነገሯት፣ አይደል?» አለችኝ።

«አዎ፣ እማዬ።»

«ታድላ!» አለች።

ያኔ ያ ምዕራፍ ከመጽሐፉ ሁሉ ክፉው ይመስለኝ ነበር። ዛሬ፣ ማለዳ በር በተንኳኳ ቁጥር እናቴ ከሁላችን ቀድማ ስትነሳ ሳይ፣ ያ ምዕራፍ እኛም ቤት በደረሰ እላለሁ።