ያነሳኋት ምልክት

የክሊኒኩ ባለቤት «ጥፋቱ የመሣሪያው ነው፤ ሌላ ምረጪ» ብሎ ደወለልኝ። አባቴ አንደበታቸው ከተያዘ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። እኔም ንፋስ መውጫ፣ ከጫማ ሱቁ በላይ በተከራየናት ክፍል ተቀምጬ፣ ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች ስህተት የሚመዘግቡባቸውንና ሥራ የሚከፋፈሉባቸውን ፕሮግራሞች እንደገና ማወዳደር ጀመርኩ። አንደኛው ያማረ ሰሌዳ አለው። ሁለተኛው በስልክ ላይ ፈጣን ነው። ሦስተኛውን አንብቤ እንደጨረስኩ ረሳሁት። ዓይኔ ያነባል፣ የቀረው ሰውነቴ ግን ደንዝዟል። ማልቀስ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ሰውም ይጠብቅብኛል፤ አልመጣልኝም።

ጥፋቱ የመሣሪያው እንዳልሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። በማስተካከያው ገጽ ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች፤ መሣሪያውን ስንወስደው ውስጧ «ራይት» ተደርጎባት ነበር። ያችን ምልክት ያነሳኋት እኔ ነኝ። ለማንም አልተናገርኩም፣ የመናገር ሐሳብም አልነበረኝም።

ነገሩ ከሥሩ እንዲህ ነው። አራት ሆነን ለክሊኒክ የሚሆን የቀጠሮ ፕሮግራም ሠራን። የደም ግፊትና የስኳር ታካሚ የሦስት ወር መድኃኒት ወስዶ ይሄዳል፤ ቀኑ ሲደርስ ፕሮግራሙ በስልኩ መልእክት ይልክለታል፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ለነርሷ የዕለቱን ስም ዝርዝር ያወጣል። ከስማዳ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ መጥቶ «ዛሬ አይደለም» ተብሎ የሚመለስ ሰው እንዳይኖር ብለን ነው። «መልእክት ሳይደርሳችሁ አትምጡ» የሚለውን ማስታወቂያ በሩ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር በእስክሪብቶ ነው የጻፍኩት።

መሣሪያ ከመምረጣችን በፊት ስለ ስህተት የምንሰማው በቴሌግራም ግሩፕ ነበር። ነርሷን ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላቸው፤ ሃምሳን ያለፉ ሴት ናቸው። መልእክታቸው በዕለቱ ታቦት ይጀምራል። «እንኳን ለቅዱስ ሚካኤል አደረሳችሁ ልጆቼ፣ እንዴት አደራችሁ፣ ዝናቡ በእናንተ በኩል እንዴት ነው» ይልና፣ መርዶ ሊነግር እንደመጣ ሰው ዳር ዳር ሲል ቆይቶ፣ መጨረሻው ላይ «ያ ነገር ትናንትም እንቢ አለኝ» ይላል። ያ ነገር የትኛው ነገር እንደሆነ ለማወቅ መደወል ነበረብን። ስልኩ ሲነሳ ደግሞ ከሰላምታው እንደገና እንጀምራለን። እኔ ለዚህ ትዕግሥት የለኝም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የለኝም።

ስለዚህ ምረጪ ስባል ደስ ብሎኝ ነበር። የመጀመሪያው የሞከርነው ለትልልቅ ድርጅት የተሠራ ነው፤ አንዲት ስህተት ለማስመዝገብ ዐሥራ ምናምን ሳጥን ያስሞላል። ሲስተር ሦስተኛው ሳጥን ላይ ሲደርሱ «ኧረ ይኸስ ለፓስፖርትም አይጠየቅ» ብለው ተዉት። ሁለተኛው ሰሌዳ ነበር፤ እያንዳንዱ ሥራ ካርድ ይሆንና ከ«ይሠራ» ወደ «ተሠራ» በጣት ይገፋል። ኔትወርክ ሲቆራረጥ የገፋነው ካርድ ተመልሶ ከነበረበት ይገኛል። ሦስተኛው ተራ ዝርዝር ነው። ከእያንዳንዱ ስህተት ጎን የሚያስተካክለው ሰው ስምና ፎቶ ይወጣል፤ ሳምንት ካለፈው ስሙ ቀይ ይሆናል። መዝጋት የሚችለው ደግሞ ስህተቱን የመዘገበው ሰው ብቻ ነው። ይህን ሕግ ወደድኩትና እሱን መረጥኩ። ፕሮግራመር የራሱን ስህተት እንዲዘጋ ከተተወለት ሁሉንም ይዘጋዋል። ራሴን ስለማውቅ ነው።

ሳጥኗ ያለችው እዚህ ላይ ነው። ምልክቷ ካለች፣ አንድ ስህተት ተዘጋ ሲባል ሌላ ሰው ሞክሮ ካላጸደቀው ከዝርዝሩ አይወጣም። ያ ሌላ ሰው እኔ ነበርኩ። ሁለት ሳምንት ያህል ስሞክርና ሳጸድቅ ከረምኩ። የተዘጋ ሁሉ የተስተካከለ ሆኖ አገኘሁት። ሰለቸኝና ምልክቷን አነሳኋት።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ሲስተር አንድ የስማዳ ገበሬ ለሦስት ወር ሲቀጥሩ ቀኑ ጳጉሜ ላይ ዋለ። ጻፉት፤ ፕሮግራሙ «ተመዝግቧል» አላቸው። መልሰው በቀኑ ዝርዝር ሲፈልጉት የለም። የቀን መቁጠሪያውን የሠራው ባልደረባዬ ዐሥራ ሁለት ወር ያለውን የፈረንጅ ካላንደር እንዳለ ወስዶ የእኛን ወራት ስም ለጥፎበት ኖሯል፤ ጳጉሜ መግቢያ አጥታ ውጭ ቀረች። በየዓመቱ ለሩፋኤል በጳጉሜ ዝናብ ሲጠመቅ ያደገ ሰው ነው። ሲስተር ለገበሬው ቀኑን በወረቀት ጽፈው ሰጡትና ስህተቱን በመሣሪያው መዘገቡ። ባልደረባዬ ግን በዚያ ሰሞን እኔ ሌላ ሥራ አሸክሜው ነበር። ሳምንቱ አለፈ፣ ስሙ ቀላ። የክሊኒኩ ሠራተኛ ሁሉ በየስልኩ አየው፤ አንዱም ለባልደረባዬ እናት ነገራቸው።

እናቱና ሲስተር አንድ የማርያም ማኅበር ይጠጣሉ። ሰኔ ሃያ አንድ ማኅበሩ በተሰበሰበበት፣ እናቱ ሲስተር ያቀረቡላቸውን ዳቦ ሳይቀበሉ ፊታቸውን አዞሩ። ቄሱ አዩ። የተጣላ ሰው እያለ ጽዋ አይነሳም፤ ምን ሆናችኋል ብለው ጠየቁ። እናቱም «ልጄን በአደባባይ ከሰሱት፤ ስሙን በቀይ አስጽፈው ያስነብባሉ» አሉ። ሲስተር ደነገጡ። «እኔ ማሽኑ እንቢ አለኝ አልኩ እንጂ ልጅዎን መች ከሰስኩ?» አሉ። ስልካቸውን አውጥተው ሲያዩት ግን ፎቶው እውነትም ቀይ ላይ ተቀምጧል። ማኅበርተኛው ስልኩን እየተቀባበለ አየው። ቄሱ «በሉ ያንሱለት» አሉ። ሲስተር እዚያው መነጽራቸውን አድርገው አነሱለት፤ መሣሪያውም «ተዘግቷል» አለ። ሁለቱ ሴቶች ተሳሳሙ፣ ጽዋው ዞረ።

ይህን ሰኞ ጠዋት ባልደረባዬ እየሳቀ ነገረኝ፤ እኔም ሳቅሁ። እሱ፣ ሲስተር ከዘጉት ፕሮግራሙ ሠርቶላቸው ይሆናል አለ። ሲስተር ደግሞ ታርቀናል፣ እንግዲህ ይሠራዋል ብለው ኖረዋል። እኔ ዝርዝሩን ከፈትኩ። አንድም ቀይ የለበትም። ጳጉሜ ብሎ ጽፎ መሞከር የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ቀይ የሌለበት ዝርዝር ደስ አለኝና ዘጋሁት።

አባቴ ቤተ ልሔም የድጓ መምህር ናቸው። ግፊት አለባቸው፤ መድኃኒታቸውን የሚወስዱት ከዚሁ ክሊኒክ ነው። የወሰዱት ሰኔ ሦስት ቀን ነበር፣ ከገበሬው ቀድመው። ሦስት ወሩ ጳጉሜ ሦስት ላይ ይሞላል። እሳቸው ደግሞ የተባሉትን የሚያደርጉ ሰው ናቸው፤ መልእክት ሳይደርሳችሁ አትምጡ ከተባለ አይመጡም። ስልካቸውን ጠዋትና ማታ ለተማሪ እየሰጡ ያስነብባሉ።

በሩፋኤል ማግስት ደወልኩላቸው።

«አባባ፣ መድኃኒትዎን ወሰዱ?»

«ገና አልጠሩኝም። ሲጠሩኝ እሄዳለሁ።»

«እሺ አባባ» አልኩ። የራሴን ፕሮግራም፣ የራሴን ማስታወቂያ፣ ሰኔ ላይ የሳቅሁበትን ነገር አንዱንም ከአንዱ አላገናኘሁትም። ስለ እንቁጣጣሽ አውርተን ስልኩን ዘጋን።

በኋላ እንደሰማሁት የቀረቻቸውን ኪኒን ለሁለት እየከፈሉ ሲውጡ ቆዩ፣ ከዚያ አለቀች። ለመስቀል ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ተማሪ ዜማ ሲያስቀጽሉ ከመቀመጫቸው ወደ ጎን ወደቁ። ደብረ ታቦር ወሰድናቸው። ሲመለሱ ቀኝ ጎናቸውና አንደበታቸው አልተመለሰም። በአገሩ ያለ ድጓ ተማሪ ሁሉ ሊሰማው የሚመጣ ድምፅ ነበር።

ቢሮ በገባሁበት ቀን ስማቸውን በፕሮግራሙ ውስጥ ፈለግሁ። ስማቸው አለ፣ ጳጉሜ ሦስት የሚለውም አለ፤ የሚወጡበት ዝርዝር ግን የለም። ምንም አልተሰማኝም። ኮምፒውተሩን አጠፋሁና ምሳ በላሁ፤ ሽሮ ነበር፣ ጨው በዝቶበታል።

የክሊኒኩ ባለቤት የደወለው ከዚያ በኋላ ነው። መሣሪያው ነው አለ፤ የመዘገበው ሰው ብቻውን መዝጋት መቻሉ ነው አለ። ልክ ነዎት አልኩት። አዲሱን መሣሪያ መርጬ ብጨርስ ነገሩ ሁሉ በዚያው እንደሚቀር አውቄዋለሁ።

እሑድ እሑድ ቤተ ልሔም እሄዳለሁ። ተማሪዎቹ አልተዉአቸውም። አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው ያዜማሉ፤ አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ተማሪው ሲስት ወይም ሲዘል በግራ እጃቸው ጣት የአልጋውን ጠርዝ ያንኳኳሉ። ይመለሳል። ደግሞ ከሳተ ደግሞ ያንኳኳሉ፤ እስኪያቃናው ድረስ አይተዉትም። ሲያቃና ጣታቸው ይቆማል፣ ቀጥል ማለት ነው። ማንም አይቀየምም፣ ማንም ሽማግሌ አይልክባቸውም። በሩ ጥግ ተቀምጬ እንደ ሌላ ሰው ቤት ነገር አየዋለሁ።

በአራተኛው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዎች መጡ። ቄሱ ከፊት፣ ሲስተርና የባልደረባዬ እናት ከኋላ። ባልደረባዬ ጂንስ ሱሪ ለብሶ፣ ጫንቃው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ በራፉ ላይ አጎንብሶ ቆመ። ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የሚለምን ሰው ከዚያ በፊት አይቻለሁ፤ ላፕቶፕ ቦርሳውን በጎኑ እንዳንጠለጠለ ግን አላየሁም።

«የኔታ፣ አንቺም ልጄ፣ አጥፍተናልና ይቅር በሉን» አሉ ቄሱ።

«የዘጋሁት እኔ ነኝ» አሉ ሲስተር። «ታርቀናል ብዬ ነው። አልጠየቅሁም፣ አላየሁም።»

«ያስዘጋኋቸው እኔ ነኝ» አሉ እናቱ።

«ስህተቱ የኔ ነው፣ ጳጉሜን የረሳሁት እኔ ነኝ» አለ ባልደረባዬ ከድንጋዩ ሥር።

እያንዳንዱ ድርሻውን አነሳ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የአባቴ ልጅ እኔ ነኝና እሳቸውን ተክቼ መመለስ ነበረብኝ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ወጣ፣ ውስጤ ግን ምንም አልተነቃነቀም።

አባቴ የአልጋውን ጠርዝ አንኳኩ።

ቄሱ ጎንበስ አሉ። «የኔታ፣ አልበቃዎትም? ካሳ እንጨምር?»

አባቴ እሳቸውን አላዩም። ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር። አልተሰማቸው ይሆናል ብዬ «ይቅር ብያለሁ አባባ፣ ከልቤ ነው» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። አሁንም አንኳኩ።

ስለ ሳጥኗ የሚያውቁ አይመስለኝም፤ የነገራቸው የለም። አንድ ነገር ዘልዬ ማለፌን ግን ሰምተዋል። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሲሰሙ የኖሩት ይህንኑ ነው። ሦስተኛ ጊዜ አንኳኩ።

«እኔም አለሁበት» አልኩ። «ሲስተር ሲዘጉት ሌላ ሰው ሳይሞክር እንዳይወጣ የሚያደርግ ነገር ነበረው። የምሞክረው እኔ ነበርኩ። ሰልችቶኝ አጠፋሁት። ሰኞ ዕለትም መዘጋቱን አይቼ አልሞከርኩትም፤ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር። አባባ አልጠሩኝም ሲሉኝም እሺ አልኩ። መሣሪያው ነው ሲሉ ደግሞ ልክ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

ሲስተር አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። የአባቴ ጣት ቆመ።

ወደ በራፉ ሄጄ ድንጋዩን ከባልደረባዬ ጫንቃ ላይ አነሳሁና የራሴ ላይ አድርጌ፣ ወደ አልጋው ዞሬ አጎነበስኩ። ከበደኝ። አባቴ ከወደቁ ወዲህ የተሰማኝ የመጀመሪያ ነገር የዚያ ድንጋይ ክብደት ነው።