ጋሽ ሜትር በደህናው ቀን የጻፈው ወረቀት

ተፈረመ! በሰማያዊ እስክርቢቶ፣ ከሥሩ ክብ ማኅተም ተመትቶበት፣ ቀለሙ እንኳ ገና ሳይደርቅ፣ ተፈረመ! ከእንግዲህ ያቺ ነጭ የጤና ጣቢያ መኪና ታማሚው ራሱ ካልጠራት በቀር የማንም ደጅ ላይ አትቆምም። ይህን ያመጣው ማን እንደሆነ ስነግራችሁ ግማሻችሁ ትስቃላችሁ፣ ግማሻችሁ ደግሞ “ይኼማ አይሆንም” ትላላችሁ። ያመጣው ልብስ ሰፊው ነው። ጋሽ ሜትር!

ሜትር የተባለው ቁመቱ ረዝሞ እንዳይመስላችሁ፤ ቢቆምም ቢቀመጥም ያው ነው። ከአንገቱ የማትወርድ ቢጫ የልብስ መለኪያ ስላለችው ነው። ሠርግም ይዟት ይሄዳል፣ ሐዘንም ይዟት ይሄዳል። ታላቅ እህቱ “ስትቀበርም ይዘሃት ልትገባ ነው?” ስትለው፣ “ታዲያ ሣጥኑን ማን ይለካል?” ብሎ ይመልስላታል።

ሱቁ አንድ በርና አንድ መስኮት ናት። በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪና፣ ጠርዙን መቀስ የበላው ጠረጴዛ፣ የቁርጥራጭ ጨርቅ ጆንያ፣ ታችኛው ክፍሉ የተሰበረ መስታወት፤ ሌላ ነገር የለም። ሱሪ የሚለካ ደንበኛ ጫፉን ማየት ስለማይችል፣ ጋሽ ሜትር “ከቁርጭምጭሚት በታች ያለውን እኔን እመነኝ” ይላል። ሰውም ያምነው ነበር።

ሕመሙ የጀመረው የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነው። ሲመጣበት እንቅልፍ ይሸሸዋል፣ ሐሳቡ እንደ ስፌት መኪናዋ መንኮራኩር ይከንፋል፣ የሰውን ሁሉ ልክ ገና ከመንገድ ማዶ አይቶ የሚያውቅ ይመስለዋል። መድኃኒቱን ሲወስድ ወደ ራሱ ይመለሳል። በዚህ መሐል የሰፋው ልብስ የሰፈሩን ግማሽ አልብሷል።

ስሙን ያጠፋችው ግን ሕመሙ ሳይሆን መኪናዋ ነበረች። ጤና ጣቢያው ቀጠሮ ያለፈበትን ሰው የሚፈልገው ጎኗ ላይ “የአእምሮ ጤና አገልግሎት” ተብሎ በትልልቅ ቀይ ፊደል በተጻፈባት ነጭ መኪና ነው። ለደግ አስበው ነው፣ ማንም ክፉ አላሰበም። የዛሬ አራት ዓመት ግን በጠራራ ፀሐይ መጥታ ሱቁ በር ላይ ቆመች። ነጭ ጋዋን የለበሱ ሁለት ሰዎች ወረዱ። መንገዱ በሙሉ ወጣ። ከፊት ለፊት ያለው ጫማ ጠጋኝ፣ ምላሱ ከወስፌው የሚሾል ሰው ነው፣ ድምፁን እንኳ ሳይቀንስ፣

“በዕብድ መቀስ የተቆረጠ ልብስ ማን ይለብሳል?” አለ።

በዚያ ሳምንት ዘጠኝ ሰው ጨርቁን ሳያሰፋ መልሶ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ሜትር ከሕመሙ ይልቅ መኪናዋን ፈራ። ሲያመው መደበቅ ጀመረ። የተደበቀ ሕመም ደግሞ እየባሰ እንደሚሄድ ማንም ያውቃል።

አምና ጤና ጣቢያው “ከእንግዲህ አገልግሎቱን የሚመሩት ተጠቃሚዎቹ ናቸው” ብሎ ሰባት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ አቋቋመ። ብዙ ሰው ለይስሙላ ነው፣ ወንበር ለማሞቅ ነው አለ። ጋሽ ሜትር ግን በመጀመሪያው ስብሰባ እጁን አወጣ።

“ዶክተር፣ ይኼን የለበሱትን ኮት ማን ለካዎት?”

ዶክተሩ እጅጌውን አየ። “ማንም። ተሰቅሎ አግኝቼ ነው የገዛሁት።”

“ያስታውቃል። ትከሻው የሌላ ሰው ነው።”

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዶክተሩም ሳቀ።

“መኪናችሁም እንደዚሁ ነች” አለ ጋሽ ሜትር። “ለሁላችንም አንድ ልክ! ሳትለኩን ነው የሰፋችሁልን። እያንዳንዳችን በደህናችን ቀን እንጻፍ፤ ሕመሜ በምን ይታወቃል፣ ማን ይምጣ፣ ምን ይበለኝ፣ ምን አይበለኝ። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም።”

“ጋሼ፣ ሐሳቡስ ጥሩ ነበር” አለ ዶክተሩ። “ግን ሰው ሲታመም ‘ደህና ነኝ’ ነው የሚለው። በደህናው ቀን የጻፈውን ያኔ እንዴት ይቀበላል?”

“እሱንም እጽፈዋለሁ።”

ስድስት ወር ተሰጣቸው። ሙከራው በሰባቱ የኮሚቴ አባላት ብቻ ነው፤ ወረቀቱ ካልሠራ መኪናዋ እንደ ልማዷ ትቀጥላለች ተባለ።

ጋሽ ሜትር ወረቀቱን ሲጽፍ እህቱ አጠገቡ ተቀምጣ ስሟ የሚጻፍበትን መስመር ትጠብቅ ነበር። ጽፎ ጨረሰ። ስሟ የለም።

“እኔን?! እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኩህን?”

“እትዬ፣ አንቺ ገና ከበሩ ጀምረሽ ታለቅሻለሽ። እኔ ሕመሜን ትቼ አንቺን ሳባብል እውላለሁ።”

“እሺ፣ ታዲያ ማን ሊጠብቅህ ነው?”

“ጫማ ጠጋኙ።”

“ያ ምላሰኛ?!” ብላ ብድግ አለች።

“ቀኑን ሙሉ እኔን ሲያይ ነው የሚውለው። ካየ አይቀር ለቁም ነገር ይየኝ።”

ወረቀቱን ይዞ መንገዱን ተሻገረ። ጫማ ጠጋኙ አንብቦ ሲጨርስ መዶሻው እጁ ላይ ቀረ።

“እኔን ነው?”

“አንተን።”

“ያን ቀን ያልኩትን ረስተኸዋል?”

“አልረሳሁም። ለዚሁ ነው የመረጥኩህ። አይተህ ዝም የምትል ሰው አይደለህም።”

ሰውየው ምስማር ከአፉ አውጥቶ “እሺ” አለ፤ ምስማሯንም መልሶ አፉ ውስጥ ከተተ።

በአራተኛው ወር የተማሪ ዩኒፎርም ወቅት ደረሰ። ጋሽ ሜትር ጨርቅ እስከ ጣሪያ ተከምሮበት፣ እንቅልፍ ካጣ ቀናት ተቆጥረው ነበር። አንድ ጠዋት ጫማ ጠጋኙ ቀና ሲል ቢጫዋን ሜትር ምስማር ላይ ተሰቅላ አያት። ጋሽ ሜትር አንገቱ ባዶ ነው፣ እያፏጨ በዓይኑ ግምት ብቻ ይቆርጣል። በወረቀቱ ላይ የሰፈረው የመጀመሪያ ምልክት ይኸው ነበር። ጫማ ጠጋኙ ደንበኛውን በአንድ እግር ጫማ አቁሞ ወደ ጤና ጣቢያው ደወለ።

ሰዓት ሳይሞላ የጤና ጣቢያው ነርስ በእግሯ መጣች። ጋዋን የለም፣ መኪና የለም። አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሳ ፌስታል ይዛለች።

“ጋሼ፣ የባለቤቴን ሱሪ ላሳጥር ነበር።”

ጋሽ ሜትር መቀሱን አቆመ። “ሲስተር፣ ይቺን አነጋገር የጻፍኳት እኔ ነኝ።”

“አዎ፣ የእርስዎ ነች።”

“እንግዲያው በሰላም ሂጂ። ደህና ነኝ። ያን ቀን ፈርቼ ነው የጻፍኩት። እጄ እንደዛሬ ሠርቶልኝ አያውቅም!”

ነርሷ አልተከራከረችም። ወረቀቱን ከፌስታሉ አውጥታ የራሱን የእጅ ጽሕፈት አነበበችለት። “‘ደህና ነኝ ካልኳችሁ፣ የያዛችሁትን ልብስ ሁለት ጊዜ አስለኩኝ። ቁጥሩ ከገጠመ እመኑኝና ሂዱ። ካልገጠመ…’”

“‘…እኔ እናንተን አምናለሁ’” ብሎ ጨረሰላት፤ ሳይወድ።

እያጉረመረመ ሜትሩን ከምስማሩ አወረደ። ለካ፤ መቶ አራት። በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ጻፈ። ደገመ፤ ዘጠና ስምንት።

“ሱሪው ተሸብሽቦ ነው።”

“ይዘርጉት” አለች።

ዘረጋው። መቶ አንድ።

ሦስቱን ቁጥሮች አያቸው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ መጮህም፣ ሱሪውን መወርወርም ይችል ነበር፤ እጁ ተነሥቶም ነበር። ግን ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ለደንበኛ ሁሉ “ከእኔ ጋር አትከራከር፣ ከሜትሩ ጋር ተከራከር” ሲል የኖረ ሰው ነው። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ቀስ ብሎ ወደ ተከመረው ጨርቅ ዞረ።

“ስንቱን ቆርጬ አበላሸሁ?”

“አራት ሸሚዝ” የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። ጫማ ጠጋኙ ነው። “አራት ብቻ። ስቆጥር ነበር።”

ጋሽ ሜትር ሳቀ። ሜትሩን አንገቱ ላይ መለሰ፣ ስፌት መኪናዋን በጨርቅ ሸፈነ፣ ሱቁን በራሱ እጅ ቆልፎ ቁልፉን ለጫማ ጠጋኙ ሰጠ። ከነርሷ ጋር ስለ ሱሪ እያወሩ በእግራቸው ሄዱ። ማንም ከቤቱ አልወጣም፤ ምን ብሎ ይወጣል? ሰፊና ደንበኛ ሲሄዱ ማየት ምን ብርቅ አለው! በአሥራ ስምንተኛው ቀን ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ። እስከዚያ ሰው በጠየቀ ቁጥር ጫማ ጠጋኙ “ክር ሊገዛ ሄዷል” ይል ነበር። በዕድሜው የጠበቃት የመጀመሪያዋ ምሥጢር መሆን አለባት።

እነሆ ዛሬ ስድስት ወሩ ሞላ። ከሰባቱ ወረቀቶች ሁለቱ ተከፍተው ነበር፤ ሁለቱም ባለቤቶች በራሳቸው እግር መጥተዋል። ዶክተሩ ትከሻው በተስተካከለ ኮት ገባ፤ ማን እንዳስተካከለው አትጠይቁኝ። “ተሸንፌያለሁ፣ ደስ ብሎኝ ነው የምፈርመው” ብሎ ወረቀቱ ለተጠቃሚው ሁሉ እንዲሆን ፈረመ። መኪናዋስ? ኮሚቴው ወሰነ፤ ቀዩ ጽሑፍ ይፋቅና መራመድ የከበዳቸውን አዛውንት ታመላልስ ተባለ። ጋሽ ሜትርም በዚያው ብዕር የራሱ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ጨመረ። “እትዬም ትምጣ። የመንገዱን ማዕዘን እስክናልፍ ግን አታልቅስ።” እህቱ ይህን ስትሰማ እዚያው አለቀሰች።

አንዲት ነገር ቀረችኝ። ባለፈው ሳምንት ጫማ ጠጋኙ ዓይኑ ደም መስሎ መንገዱን ተሻግሮ መጣና፣ መሬት መሬት እያየ፣ “ያ ወረቀት ለኮሚቴ ብቻ ነው እንዴ? አይ፣ እንቅልፍ እምቢ ያለው አንድ ዘመድ አለኝ። መኪናዋን ፈርቶ አልሄድም አለ” አለ። ጋሽ ሜትር የቱ ዘመድ ብሎ አልጠየቀውም። “ዘመድህ እስከ ሐሙስ ይታገሥ” ብቻ አለው።

ዛሬ ሐሙስ ነው! ጋሽ ሜትር ገና አዳራሹ ውስጥ እጅ እየጨበጠ ነው፣ ቶሎ የሚለቁትም አይመስለኝም። ጫማ ጠጋኙ ደግሞ ይሄኔ ሣጥኑን ሊዘጋ ነው። በሉ ሮጬ መፈረሙን ልንገረው፣ እሱም ለዘመዱ ይንገር!